የጥሩነህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት

ጥሩነህ ከሰው ሳይጣላ የሰነበተበትን ሳምንት አላስታውስም። አጋነንክ የሚለኝ ካለ ኮልፌ መጥቶ ይጠይቅ። ሲሚንቶ ሰልፍ ላይ ሊቀድመው የሞከረን ሰው ጥርስ አውልቋል። ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ደግሞ ሚስቱን ሸዋረጋን የገፈተረ ጎረምሳ ላይ ወጥቶበት በሦስት ሰው ነው የተነሣው። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሲናደድ ምላሱ ይተሳሰርና እጁ ይቀድማል። እኔ ግን ከነእጁ እወደው ነበር።

እሱና ሸዋረጋ ዘጠኝ ዓመት የኖሩት አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ከላይም ከታችም ይገባል። በዚያ እርጥበት የመጀመሪያ ልጃቸውን ሳንባ ምች ገደላት። ከቀብር መልስ ጥሩነህ ግድግዳውን በቡጢ ሲደበድብ እጁን ይዘን ያስጣልነው እኔና ጎረቤቶቹ ነን። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ የማያፈስ ቤት፣ በቃ።

በሰባ ስድስት መስከረም እኔና ጥሩነህ ያለንበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ተሳካለት። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን በነጻ፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮውን በቅናሽ ሰጠን። ባንኩም በሃያ ዓመት የሚከፈል ብድር ፈቀደ። ከኛ የሚፈለገው እሑድ እሑድ ጉልበት ማዋጣት ነው። አንዲት ነገር ግን ነበረች፤ ተበዳሪው በሃምሳ አምስት ዓመቱ ጡረታ ሳይወጣ ዕዳውን መጨረስ አለበት። ጥሩነህ አርባ አንድ ሞልቶታል።

ይህ በኛ ዘንድ ችግር ሆኖ አያውቅም። የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? ዕድሜ ማለት ሦስት ምስክር ቀበሌ ቆሞ የሚወስንልህ ነገር ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበርኩ መከርኩት።

«ሠላሳ አራት በል። ይበቃሃል» አልኩት።

«አምሐ፣ ከዋሹ አይቀር ጠርቀም አድርጎ ነው!» አለና ሃያ ዘጠኝ አስጻፈ። ሽበቱ እንዳያሳብቅበት ራሱን ተላጨ። እኔም አንዱ ምስክር ሆኜ ማልኩ፣ ፈረምኩ። ሸዋረጋ ስትሰማ «ታናሼን አግብቼ ኖሯል!» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

የብሔራዊ ውትድርናውን አዋጅ በሬዲዮ ሰምተነው ነበር። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ይላል። ከቤታችን ጋር ያያያዘው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

ግንቦት ላይ፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ሥራ ላይ እያለን ኦራል መኪና መጥቶ ቆመ። የጥሩነህ ቤት ግድግዳ መስኮት ደርሷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጉልላት ከአራት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ወርዶ ከመዝገብ ስም መጥራት ጀመረ። ሁለት ወጣቶች ተጠሩ። ሦስተኛው ጥሩነህ ነበር። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

አንዱ ጠባቂ ኮሌታውን ሲይዘው ሳቁ ቆመ። ጥሩነህ በቡጢ አፍንጫውን አለው፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ተንዠቀዠቀ። ሁለተኛውን በክርኑ ጣለው። ሌሎቹ በሰደፍ ወረዱበት፤ ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ጉልበቱን። ሲወድቅም መቱት። ሸዋረጋ አካፋ ይዛ አንዱን ጀርባው ላይ ስታሳርፍበት እሷንም በእርግጫ ሆዷን ብለው አሸዋው ላይ ጣሏት። ሠላሳ ሰው ቆመን አየን። እኔም ቆሜ አየሁ፤ ዛሬም ራሴን ያስጠላኛል።

«አርባ አንድ ዓመቱ ነው! እግዚአብሔርን ፍሩ!» ብላ ጮኸች ሸዋረጋ። «ጋሽ አምሐ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

ጉልላት ወደኔ ዞረ። «ጓድ አምሐ፣ ሃያ ዘጠኝ ነው ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። ዋሽቶ ከሆነ አሁን ተናገር። እሱ ይቀራል፤ ብድሩም ይሰረዛል፣ መሬቱም ለመንግሥት ይመለሳል። አንተም በሐሰት ምስክርነት ትገባለህ።»

እስር ቤቱ አስፈራኝ፤ አልዋሽም። ቢሆንም አፌን ከፈትኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እውነቱን ለመናገር...» ስል ጥሩነህ አቋረጠኝ። በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ በሌላኛው ግድግዳውን ያያል።

«ሃያ ዘጠኝ ነኝ» አለ።

ሸዋረጋ ከአሸዋው ተነሥታ፣ ጠባቂዎቹን ገፍትራ ደረሰችና ያንን ያበጠ ፊት በጥፊ አጮለችው። «ውሸታም!» አለችው። ጥሩነህ እጁን አላነሣም። ፊቱን የመታ ሰው ሳይመለስለት ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎትተው መኪናው ላይ ጫኑት።

ቤቱን ማኅበርተኛው ተረባርቦ ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ አለበሰው። ጥሩነህ አልተመለሰም፤ የት እንደወደቀ የነገረንም የለም። ሸዋረጋ እስከ ዛሬ እዚያው ትኖራለች። ሰላም እላታለሁ፣ ትመልስልኛለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ዝናብ ይዞኝ ደጃፏ ስጠለል፣ አስገብታኝ ቆርቆሮው ሲንጫጫ እየሰማን ተቀምጠን ሳለ ቀኝ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ጋሽ አምሐ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የነካሁት በዚህ ነው» አለችኝ።