«ተሳልሜ ልምጣ» እያለ የሚያጭበረብረው ቼዝ ተጫዋች

ዛሬ ጓደኛዬን ይበልጣልን የቤተክርስቲያን አጥር ተደግፎ በስልኩ ከቼዝ ፕሮግራም ምክር ሲቀበል ያዝሁት። 

ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ እሁድ እሁድ ጁስ ቤቱ በረንዳ ላይ ቼዝ እንጫወታለን። የዛሬው አሸናፊ ከተማችንን ወክሎ ለውድድር ቡሬ ሊሄድ ነበር። ለመጨረሻው ጨዋታ የደረሱት ይበልጣልና ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህራችን ጋሽ አስማረ ናቸው።

ይበልጣል ጨዋታው በከበደው ቁጥር «ተሳልሜ ልምጣ» ብሎ ይነሳል። ቤተክርስቲያኑ ከመንገዱ ማዶ ነው። ልሳለም ያለን ሰው ማን ይከለክላል? እንዲያውም ጋሽ አስማረ «በጸሎትህ አስበኝ» ይሉታል።

ሲመለስ ግን አጨዋወቱ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ንግሥቱን በነጻ የሰጠኝ ሰው እኮ ነው!

ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳ እኔም ልሳለም ብዬ ተከተልሁት። ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ፣ የጨዋታውን አሰላለፍ ስልኩ ውስጥ አስገብቶ ቀጣዩን እርምጃ ይጠብቃል።

ይዤው ተመለስሁና ለሁሉም ተናገርሁ። ጋሽ አስማረ አልጮሁም።

«ማሽኑንማ እኔም ቤቴ እገጥመዋለሁ» አሉት። «አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም፤ አላፍርበትም። ግን በጸሎትህ አስበኝ ያልሁት አንተን ነበር።»

ይበልጣል አንገቱን እንኳ አልደፋም፣ የማያፍር!

እናንተስ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ።

እኔን የባሰ ያስጠላኝ ቤት ከገባሁ በኋላ የሆነው ነው። እናቴ ነጠላዋን አንስታ «ተሳልሜ ልምጣ» ስትል፣ ዓይኔ ሳላስበው እጇ ላይ ስልክ ፈለገ።