ከጋራው ማዶ የተቆረጠው መስመር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ንፋስ መውጫ፣ ቢሯችን በነበረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ኬብል ስቆርጥ ነው። አለቃዬ ኢንጂነር ዘላለም አንድ ጥቅል የኔትወርክ ኬብልና የጫፍ መግጠሚያ ፒንሳ ሰጠኝና «አሥር ገጥመህ አምጣ» አለኝ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። እንደ ቀለማቸው በተራ ካልገቡ መስመሩ አይሠራም።

አሥሩን ይዤለት ስሄድ በመሞከሪያው አንድ በአንድ አያቸው። ዘጠኙ ሠሩ፤ አንዱ እምቢ አለ። አሥሩንም ጫፍ ጫፋቸውን ቆረጣቸው።

«ዘጠኙ እኮ ደህና ነበሩ» አልኩ።

«አንዱ ከተበላሸብህ ዘጠኙንም በዕድል ነው የገጠምካቸው። ድገም» አለኝ።

ረዳት ቴክኒሻን ሆኜ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ሥራችን የስልክ ማማ ያልደረሰባቸውን ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች ማገናኘት ነበር። ማማ ውድ ነው፤ ገደል ውስጥ ላለ አንድ ቀበሌ ተብሎ አይቆምም። እኛ የምንጠቀመው የምግብ ሳህን የሚያክሉ ርካሽ ሬዲዮዎችን ነበር። አንዱን ከተማ ላይ፣ አንዱን ጋራ ላይ፣ አንዱን ሸለቆ ውስጥ እናቆማለን። እርስ በርስ ከተያዩ ድምፅም ጽሑፍም ያስተላልፋሉ። የሚሠሩት በአንድ የፀሐይ ሰሌዳና በአንድ ባትሪ ነው። በእስቴ በኩል ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብለው ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አገናኝተን ስንጨርስ ወደ ስማዳ ተላክን። ያን ጊዜ ማዕረጌ ቴክኒሻን ሆኖ ነበር፤ የወገዳን መስመር ብቻዬን ተረከብኩ።

ወገዳ ካለው ጤና ጣቢያ ሸለቆው ውስጥ ያለው ጤና ኬላ አይታይም። መካከላቸው አንድ ጋራ አለ፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት። ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ምሰሶ ለመትከል የደብሩን አገልጋይ መሪጌታ ጥበቡን ማስፈቀድ ነበረብኝ።

«ከጉልላቱ ይበልጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይበልጥም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከቅጥሩ ውጭ፣ በገደሉ በኩል ትከል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ባትሪ የሚወድ ሰው ብዙ ነው።»

ተከልኩ። ጤና ጣቢያውም ጤና ኬላውም ውስጥ የጠረጴዛ ስልክ አስቀመጥኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስንዱ የመጀመሪያውን ጥሪ የደወለችው ጤና ጣቢያ ላለችው አዋላጅ ነርስ ለሲስተር አበባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምጥ ሲጸናም ልጅ ሲታመምም በዚያ ስልክ ይመካከሩ ነበር።

ችግሩ የመጣው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ውስጥ ፀሐይ ሳናይ ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ተቀምጬ በላፕቶፔ የጋራውን ሬዲዮ ከፈትኩ። አዲስ ሶፍትዌር መጫን ነበረብኝ። ባትሪው አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ቮልት ያሳያል፤ ዝቅተኛ ነው። አየሁት። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይበቃል ብዬ ጫንኩ። ሬዲዮ ሶፍትዌር እየተቀበለ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት እንደማይነሣ አውቅ ነበር።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠበቅኩ። ደግሜ ጠራሁት፤ መልስ የለም።

ወዲያው የማዋለጃው ክፍል በር ተከፈተና ሲስተር አበባ የስልኩን እጀታ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ምን ነካው? ስንዱን እያናገርኳት ተቋረጠ!»

«ትንሽ ጠብቂኝ፣ ሲስተር፤ እመልሰዋለሁ።»

«ምን እጠብቃለሁ! ምጥ የጸናባት ሴት አለች። በቃሬዛ አምጧት ብያታለሁ። በየት በኩል እንደሆነ ልነግራት ስል ነው የጠፋችው።»

ነገሩን አስረዳችኝ። ሰዎቹ የለመዱት በታችኛው መሻገሪያ ነው። ያን ቀን ግን ወንዙ ሞልቶ አምቡላንሱ ወደዚያ መውረድ አልቻለም፤ ላይኛው ድልድይ ጋ ነው የሚጠብቃቸው። ስንዱ ይህን አልሰማችም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት።

«ማን እንዳጠፋው በኋላ ይደረስበታል። አሁን ምን ታደርጋለህ?»

መጠባበቂያ ሬዲዮና የሞተር ሳይክል ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ዳገቱ ጭቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጉልበቴ በፊት ቦርሳውን ዳሰስኩ። የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በምን ያህል ጊዜ እንደወጣሁት አላውቅም። የማውቀው ሰዓቴን ለማየት መፍራቴን ነው።

መሪጌታ ጥበቡ ቁልፉን ይዘው ምሰሶው ድረስ መጡ። ሳጥኑን ከፈቱልኝ። የሞተውን ሬዲዮ አውርጄ አዲሱን ሰቀልኩ፤ ባትሪውን ለወጥኩ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ለሙከራ በምይዘው ስልክ ጤና ኬላው ደወልኩ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። የሚያነሣ የለም።

«ለማን ነው የምትደውል?» አሉኝ መሪጌታ።

«ለስንዱ።»

«ስንዱ ምን ልትሠራ ቤት ትቀመጣለች? ሕመምተኛዋን ይዘው ከወጡ ቆይተዋል። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም እንጂ ከዚህ ሆኜ አይቻቸዋለሁ።»

ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰዱኝ። ጉሙ ይዘጋል፤ ይከፍታል። ሲከፍት ከበታቻችን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ወደ ታችኛው መሻገሪያ ሲወርዱ አየሁ። ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ከኋላ ትከተላለች።

«አምቡላንሱ ድልድዩ ጋ ነው» አልኳቸው።

መሪጌታ እጃቸውን ከአፋቸው ግራና ቀኝ አድርገው ጮኹ። «እናንተ ባለ ቃሬዛዎች! ኧረ ስሙኝ!»

መልስ የለም። ጉሙ ዘጋ። ደግመው ጮኹ። በሦስተኛው ከታች «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ።

«በድልድዩ! መኪናው በድልድዩ ነው! ወደ ላይ ተመለሱ!»

«በየት?»

«በድልድዩ!»

ጉሙ ሲገለጥ ቃሬዛው ዞሮ ነበር። የወረዱትን ቁልቁለት መልሰው መውጣት ጀመሩ። ለሲስተር አበባ ደውዬ «እየመጡ ነው፣ ግን ዘግይተዋል» አልኳት። «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ሴትዮዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

በማግስቱ ሲስተር አበባን ጠየቅኳት። «በጊዜ ቢደርሱ ልጁ ይተርፍ ነበር?»

«ምጡ ሲነገረኝም ቆይቶ ነበር። ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ላይተርፍም ይችል ነበር። እሱን ማወቅ አይቻልም። እኔም አልዋሽህም፤ አንተም አትጠይቀኝ።»

ሪፖርቱን ለኢንጂነር ዘላለም ጻፍኩ። የባትሪውን ቁጥር አይቼ እንዳለፍኩት፣ በመስመሩ ላይ ሰው መኖሩን እንዳልጠየቅኩ ጻፍኩ። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝናቡ ነው ብትል ማንም አይጠይቅህም ነበር።»

«ዝናቡ አይደለም።»

«አይደለም» አለ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተው። አላባረረኝም፤ አላጽናናኝምም። በሳምንቱ ለእያንዳንዱ ጋራ ሁለተኛ ባትሪ አስፈቀደ።

የሴትዮዋን ባል አንድ ጊዜ ወገዳ ገበያ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩ ያውቃል። «ሚስቴ ደህና ናት» አለኝና ገብሱን ወደ መጫን ተመለሰ።

ዛሬ ተቆጣጣሪ ነኝ። አዳዲስ ቴክኒሻኖች ሲመጡ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ መስመር ከመንካታችሁ በፊት ጤና ጣቢያም ጤና ኬላም ደውላችሁ ማን እየተጠቀመ እንደሆነ ጠይቁ። ሰው ካለ ጠብቁ። ባትሪው ከአሥራ ሁለት ቮልት በታች ከሆነ አትጫኑ፤ ፀሐይ እስክትወጣ ይቆይ።