አራተኛው ካንዴላ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ የአንድ ወዳጄን መኪና ካንዴላ ሲቀይሩለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። መካኒኩ አዲሱን ካንዴላ በጣቶቹ ብቻ እያዞረ አስገባው። አልዞር ሲለው ቁልፉን አንስቶ ለአመል ያህል ጠበቅ አደረገውና ተወው። ወዳጄ «በዚህ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀው። «ይበቃል፤ ከዚህ ካለፈ ይበላሻል» አለ መካኒኩ ቀና እንኳ ሳይል። እኔ ወጣ ብዬ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ይህችን ቃል በሃያ ሁለት ዓመቴ ጠንከር አድርጌ ተናግሬያት ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬ አገሯ ትኖር ነበር።

እህቴ ከድጃ ባሏን ፈትታ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጇ ሃያት ሁለት ዓመቷ ነበር። ስትመለስ አሥር ሞልቷታል። ልጅቱ እናቷን እኔ እንደምጠራት «እትዬ» ነበር የምትላት፤ የምትተኛውም ከእናቴ ጋር ነው። ከድጃ በዚህ አልተቀየመችም፤ ጊዜ ስጡኝ ብቻ ነው ያለችው። የስምንት ዓመት ላቧን አውጥታ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ነጭ አውቶሞቢል ገዛች። ሐሳቧ እኔ እየነዳሁ ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰው እያመላለስን እንድንኖር ነበር። ማዳሟ ግን በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፤ የመመለሻ ቪዛዋም በወሩ መጨረሻ ያበቃል። «መኪናዋ ከሠራችልኝ አልሄድም» አለችኝ። «ካልሠራች ግን ሌላ ምን አለኝ?»

መኪናዋ ደግሞ ስትመጣ አቀስታን አልፋ ዳገቱን እንደያዘች ማስነጠስ ጀምራ ነበር። እኔ በዚያን ዘመን ደሴ አንድ ዓመት የመካኒክነት ትምህርት ቀምሼ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ ከኔ በላይ ላሳር የምል ጎረምሳ ነበርኩ። የከተማችን መካኒኮች ያኔ የለመዱት የናፍጣ ጭነት መኪና ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ በብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። ስለዚህ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እኔው እቀይረዋለሁ አልኩ። አራት አዲስ ካንዴላ በአውቶቡስ ከደሴ አስላክን።

እሑድ ጠዋት ነበር፤ ወሩ ጥቅምት። የመካነ ሰላም የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ብረት ሲነኩበትማ ይብሳል። ግቢያችን በጎረቤት ሞላ። አንዷ የባቄላ እሸት በቁና ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ትኩስ የገብስ ቆሎ። ሰዉ እየፈለፈለና እየቆረጠመ የሞተሩን ሆድ ዕቃ ያያል። ኮፈኑን ከፍቼ አሮጌዎቹን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ሁሉም ጥላሸት ለብሰዋል። አዲሶቹን በጣቴ አስገባሁና፣ አስተማሪያችን እንዳሳየን፣ በቁልፉ ጥቂት ብቻ አጠበቅኋቸው። ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ ካንዴላው ብረት። ማጥበቁ ሲበዛበት የሚበላው ካንዴላውን ነክሶ የሚይዘው የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ሳላውቅ አጥፍቼ ቢሆን ደግ ነበር፤ የሚያንገበግበኝ ማወቄ ነው።

በኛ መንደር ግን አዲስ ነገር ወደ ቤት ሲገባ ሽማግሌ እጁን ያሳርፍበታል። ቤት ሲሠራ አንድ ማገር ማሰር፣ ሞፈር ሲበጅ አንድ ሽብልቅ መምታት የሽማግሌ ድርሻ ነው፤ ያለዚያ ነገሩ አይበረክትም ይባላል። ጎረቤታችን መምሬ ተሰማ ቁልፉን ተቀበሉኝና፣ መስቀል እንደሚያሳልሙ አድርገው ይዘው፣ አንደኛውን ካንዴላ በስሱ ነክተው መረቁ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሜን አለ።

ከዚያ ተራው የአባቴ ሆነ። አባቴ ሞፈርና ቀንበር በማበጀት በአካባቢው ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። እሳቸው ያጠበቁት ማረሻ እርሻ ላይ ወልቆ አያውቅም፤ ለእሳቸው ሥራ ማለት ማጥበቅ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን አራተኛው ካንዴላ ላይ አሳረፉና ሞከሩት።

«ይሄ ገና ነው፤ ላልቷል» አሉ።

«አባባ፣ ይበቃል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

«ልጄ፣ የላላ ማረሻ በሬ ይገድላል።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው እነዚያን ሞፈር የጠረቡ ክንዶች ጫኑበት። ግቢ ሙሉ ሰው ባለበት የአባትን እጅ ይዞ ይተዉት፣ አያውቁበትም ማለት በኛ አገር አይደረግም። ቁልፉ ጠጠር አለ፤ ቀጥሎ በድንገት ለዘብ ብሎ ዞረ።

«እሰይ፣ አሁን ገባ» አሉ።

አልገባም። ጥርሱ ተበልቶ ነው። ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ መሰለኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ዞር ስል ከኋላዬ ከድጃን አየኋት። ሃያትን ከፊቷ አቁማ ትከሻዋን ይዛታለች፤ ልጅቱም እንደሌላው ቀን አልሸሸችም። ያን ማፍረስ አቃተኝ። ሞተሩን ባስነሳው ደግሞ ማስነጠሱ ጠፍቶ ጸጥ ብሎ ሠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምናልባት ይይዝ ይሆናል አልኩ ለራሴ።

ማክሰኞ ሦስት መንገደኛ ጭነን ወደ ወግዲ ጉዞ ጀመርን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ሆኗል። ከድጃ ከጎኔ ተቀምጣ ለሃያት ከወግዲ ምን እንደምትገዛላት ታወራኛለች። የአንዱ ዳገት ወገብ ላይ ስንደርስ እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ፤ ካንዴላው ተስፈንጥሮ ኮፈኑን ከውስጥ መትቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በተከፈተው ቀዳዳ ሲተነፍስ ብቻ ነው የሚሰማው። መንገደኞቹ ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። መኪናዋ ተጎትታ ደሴ ገባች፤ እዚያም አዲስ ጥርስ እናወጣለን ብለው ቀዳዳውን አጣመው በሱትና የሞተሩን ራስ ሌላ አምጡ አሉን። ሌላ ሳይገኝ ወሩ አለቀ።

አባቴ ዓይን በላት፣ ያን ሁሉ ሰው መጥራት አልነበረብንም አሉ። ሌላ ምክንያት አልፈለጉም፤ እኔም አልሰጠኋቸውም። ከድጃ ስትሄድ ሃያት ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። ከድጃ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ልጅቱ «እማ» አለቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከድጃ ዞራ አላየችም። ጥሩንባው እየተነፋ ነበርና አልሰማችም ይሆናል እላለሁ።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሃያትም በሃያ ዓመቷ እዚያው ዓረብ አገር ገባች፤ ከተማቸው የተለያየ ነው፣ አሠሪዎቻቸውም አይለቋቸውም፤ እስካሁን የሚተያዩት በስልክ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደሴ እንደተመለስኩ ለከድጃ ደወልኩ። የዚያን እሑድ ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጥርሱ ሲበላ ማወቄን፣ አውቄም ዝም ማለቴን። ከበስተጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል፤ የምታሳድገው የሰው ልጅ ነው።

«ሰይዴ፣ እኔም አይቻለሁ እኮ» አለች። «ከኋላህ ነበርኩ። ቁልፉ ባዶውን ሲዞር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አባባን? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

ከዚያ ሕፃኑን ላባብል ብላ ዘጋችው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ ትቀየመኛለች፣ ኋላም ይቅር ትለኛለች እያልኩ ነበር የኖርኩት። አሁን ያም የለም፤ የተቀየመኝ ከሌለ ይቅር የሚለኝ ከየት ይመጣል። አባቴን እንደሆነ አክብረናቸዋል። ሁለታችንም በደንብ አክብረናቸዋል።