ዳማው ፈረስ የፈቀደው ቤት

ሞተረኛ ቤት ሲከራይ እንደ ሌላው ሰው ጣሪያና ግድግዳ አያይም። እኔ መጀመሪያ የማየው የግቢውን በር ነበር። ስፋቱ የሞተሬን መሪ ያስገባል? ደፉ ከፍ ያለ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው? ከመሥሪያ ቤቴ የተረከብኳት ሞተር ያረጀች ስለነበረች በጠዋት ብርድ ቢረግጧት ቢረግጧት አትነሳም። ቁልቁል ለቅቄ፣ በሁለተኛ ማርሽ ይዤ ክላቹን ስለቅላት ነው እየሳለች የምትነሳው። ሜዳ ላይ ቤት የተከራየ ባለ አሮጌ ሞተር በየጠዋቱ የሚገፋለት ሰው ሲለምን ይኖራል።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። በዚያን ጊዜ ክትባት በሳጥን ጭኜ አንድ ቀን ዘንገና አካባቢ፣ ሌላ ቀን አዲስ ቅዳም፣ አልፎ አልፎም እስከ ዳንግላ እዞር ነበር። የምኖረው እንጅባራ፣ ያገሬው ሰው እስከ ዛሬ ቆሰበር በሚላት ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ያገባኋት ባለቤቴ ደግሞ ዳንግላ እናቷ ቤት ሆና ታስተምራለች። አብረን የምንኖርበትን ከተማ መምረጡን ለእኔ ተወችልኝ። ዝውውር መጠየቅ ካለባት ግን ማመልከቻዋ በዚያው ወር መግባት ነበረበት።

«የትም ብትል እኖራለሁ» አለችኝ። «ሞተር እንደማልወድ ግን ታውቃለህ። ማታ ማታ መጣ አልመጣ እያልኩ በር በር የማይበት ቤት እንዳትመርጥልኝ።»

ይህን ቃሏን ይዤ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ዳንግላ ሞቅ ያለች ናት፤ አማቴ አሉ፤ ደህና ጋራዥም አለ። ነገር ግን ለጥ ያለች ሜዳ ናት፤ ሥራዬም አብዛኛው ቆሰበር ዙሪያ ስለነበር በየምሽቱ ያን ሁሉ መንገድ በጭጋግ መመለስ ይኖርብኛል። አዲስ ቅዳም መሐል ላይ ስለሆነች ወድጃት ነበር፤ ሆኖም ያገኘኋቸው ቤቶች ሁሉ አስፋልቱ ዳር ናቸው፤ ከሰል የጫኑ መኪኖች በራቸውን ታክከው ያልፋሉ። ቆሰበር ዝናቧ ወቅት አያውቅም፣ ብርዷ አጥንት ይገባል፤ ቁልቁለት ግን እንደ ልብ ነው።

የሚሆነኝን ቤት ያገኘሁት ከከተማው ከፍ ብሎ ነው። መንገዱ ከግቢው በር ተነስቶ ቀጥ ብሎ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። በሩ ለፈረስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሰፊ ነው፤ ደፍም የለውም። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በኮርቻ ላይ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው።

«ቤቱስ አለ» አሉኝ፣ ሞተሬን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «የምፈቅደው ግን እኔ አይደለሁም።» በአገጫቸው ወደ ጋጣው ጠቆሙኝ። አንድ ዳማ ፈረስ ጆሮውን አቁሞ ያየኛል። «ባለፈው ባጃጅ አስደንግጦት ገመዱን በጥሶ ጠፋና ጫካ ለጫካ ስንፈልገው ዋልን። ከዚህች ጋር ከተስማማ ግባ። ካልተስማማ ግን፣ ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ።»

የስንቱን ፈረስ አፍ ከፍቼ ጥርሱን አይቻለሁ፤ በፈረስ መመርመር ግን ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

አዛውንቱ ነገሩን የያዙት ሌላ ፈረስ እንደሚያላምዱ አድርገው ነው። እሳቸው አዲስ ፈረስ ሲያስገቡ የነባሩን ግላስ፣ ከኮርቻው ጋር የሚለብሰውን ላብ የጠጣ ጨርቅ፣ በአዲሱ ጀርባ ላይ ይጥሉበታል። ሽታቸው አንድ ሲሆን መራገጡ ይቀራል ይላሉ። ለእኔም አሮጌውን ግላስ አምጥተው የሞተሬ ወንበር ላይ አነጠፉና «እንዳታወርደው» አሉኝ። እሱን አንጥፌ ቢሮ ስደርስ ባልደረቦቼ «ሞተርህን ዳርካት እንዴ?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ከሥራ ስመለስ ሞተሯን አጥፍቼ ዳገቱን እየገፋሁ አወጣትና ጋጣው ፊት አቆማታለሁ። ፈረሱ ያሸታታል፤ በአፍንጫው እፍ ይልባትና ፊቱን ያዞራል። እኔ በላብ ተጠምቄ ቆሜ የፈረስ ፊት አነባለሁ።

«አይዞህ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል አዛውንቱ።

ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ እንዳስነሳት ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያ ቀን ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ። አዛውንቱ አንገቱን እየደባበሱ በአገውኛ አነጋገሩት። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም፤ እሱ ግን የገባው ይመስል ረጋ።

ባለቤቴ ደወለች። «እህ፣ ማመልከቻውን ላስገባ?»

«ፈረሱ ገና አልወሰነም» አልኳት።

«ይህን አሁን ለእናቴ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳት?» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ያ ቤት ካመለጠኝ ግን ዓመቱን ሙሉ ተለያይተን መኖራችን ነው።

አንድ አመሻሽ ላይ ሞተሯን ግቢው ውስጥ፣ ጋጣው አጠገብ አስነሳኋት። ፈረሱ አንዴ ቀና አለ፤ ከዚያ አጎንብሶ ሣሩን መብላቱን ቀጠለ። አዛውንቱ እኔን ሳይሆን እሱን እያዩ «በል፣ ዕቃህን አምጣ» አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ባለቤቴ በክረምቱ መጣች። ብዙም ሳትሰነብት የፈራችው ምሽት ደረሰ። ዘንገና አካባቢ አንዲት ላም ምጥ ጸንቶባት አመሸሁ፤ ጭጋጉ ወርዷል፤ ኔትወርክም የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ ሳለ አዛውንቱ ከጋጣው ብቅ ብለው «ልጄ፣ ከበሩ ምን ታገኛለሽ? እሱን እይው» አሏት። ፈረሱ ሣሩን ትቶ ቀና አለ፤ ጆሮዎቹን ወደ ቁልቁለቱ አቀናና አሽካካ። እሷ ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሰማችው የለም።

«መጣልሽ» አሏት። እሷም ገብታ ሽሮውን ጣደች።

ስገባ ሽሮው ይንተከተካል። የት ነበርክ አላለችኝም፤ «አስፋልቱ እጥፋት ጋ ስትደርስ ሰማንህ» አለችኝ። ጡሩንባ አልነፋሁ፤ ግራ ገባኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በር ላይ ቆማ ጠብቃኝ አታውቅም። ወጥ ስትሠራ በጋጣው በኩል ያለውን መስኮት ገርበብ ታደርጋለች፤ በቃ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሞተር ሰጠኝ። በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጓት ትነሳለች፤ ቁልቁለት አትለምንም። በዚያው ሰሞን አማቴ ዳንግላ ያለውን ሰፊ ቤታቸውን ልልቀቅላችሁ አሉን፤ ሥራዬም ወደዚያው እያዘነበለ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን ሁሉንም ዘረዘርኩላት፤ ሙቀቱን፣ ጋራዡን፣ የእናቷን መቅረብ። ሞተረኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም አልኳት። ከልቤ ነበር።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግን «እዚያ መምጣትህን ማን ይነግረኛል?» አለች።

«ደግሞ የዚችኛዋ ድምፅ ሌላ ነው፤ ፈረሱ አያውቀውም» እያለች ተነሳችና ከጋጣው ግድግዳ ላይ አሮጌውን ግላስ አወረደች። አቧራውን አራገፈችው፤ ከዚያም በአዲሷ ሞተር ወንበር ላይ በሁለት እጇ አነጠፈችው።