ጳጉሜን እምቢ ያለው ፕሮግራም

ከአዲስ አበባ ሞያሌ

ነሐሴ ሊገባደድ ሲል፣ አዲስ አበባ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን፣ እኔ ላፕቶፔን በሹራብ ጠቅልዬ የሞያሌ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ዘመድ አዝማዱ "በዓሉ ደርሶ የት ልትሄድ ነው?" ሲለኝ "ናይሮቢ፣ ፍሬምወርክ ልመርጥ!" እል ነበር። ለማንም አልገባውም። እኔ ግን ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ዘነበች የሚባሉ የናይሮቢ ነጋዴ ኢስትሊ ከሚባለው የከተማው የገበያ ሰፈር ልብስና ጫማ እየገዙ በሞያሌ በኩል ለመርካቶ ነጋዴዎች ይልካሉ። የኢስትሊና የሞያሌ ቢሮዎቻቸው የሚነጋገሩት በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አንዱን ቃል ያደርሳል፣ አንዱን ይውጣል። ስለዚህ የናይሮቢው ኮምፒውተር የሞያሌውን ጠርቶ "ይህን ዕቃ በዚህ ቀን ጫን" የሚልበት ፕሮግራም ፈለጉ። እንዲህ ያለውን የርቀት ጥሪ ከባዶ መጻፍ ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ የተቀመጠለት ማዕቀፍ ይመረጣል፤ ፍሬምወርክ የምንለው ይህንኑ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሁለት ነን፤ እኔ አንዱን ወድጃለሁ፣ ናይሮቢ ያለው ዳንኤል ሌላውን። እትዬ ዘነበች ሁለቱንም አይተው ሊወስኑ ነው የጠሩኝ።

ዲላ አድረን በማግስቱ ሞያሌ ገባን። የቢሮው ኃላፊ ጋሽ ቃሲም ጠና ያሉ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። የእኔንም፣ ዳንኤል በሲዲ የላከውንም ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ላይ ስጭን አጠገቤ ተቀምጠው አዩኝ።

"የፋሲካው ዕቃ ከበዓሉ በኋላ ደረሰ" አሉኝ በመጨረሻ። "ነጋዴው ሁሉ ሸሸን። የእንቁጣጣሹም ከዘገየ ይህ ቢሮ ይዘጋል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"የእኔ ፕሮግራም እያለ! አይስጉ ጋሽ ቃሲም!"

"ኢንሻአላህ" አሉ። አፌ አያርፍም እኮ።

በጭነት መኪና ወደ ደቡብ

ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ኢሲዮሎ ያለውን ነገር መንገድ ያለው ማን ነው? ኮረኮንቹ አንጀቴን አራገፈው፤ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ይንቀጫቀጫል። ማርሳቢት ላይ ግን ድንገት ጉምና ደን! በወተት የፈላ ሻይ ጠጥቼ ትኩስ ማንዳዚ በላሁ። ማንዳዚ የእኛ ቦምቦሊኖ ዘመድ ነው፤ አራቱን አከታትዬ ዋጥኩና ሹፌሩ ሳቀብኝ። ከኢሲዮሎ በኋላ አስፋልቱ ሲጀምር መኪናው የቆመ መሰለኝ። ግራና ቀኙ አረንጓዴ እርሻ ነው፣ ብርዱ ደግሞ የደብረ ብርሃን።

ናይሮቢ

አቤት ናይሮቢ! ዳንኤል መሃል ከተማ ተቀብሎኝ ወደ ኢስትሊ በማታቱ ሄድን። ማታቱ ማለት የእኛ ሚኒባስ ሆኖ፣ ላዩ ሥዕል በሥዕል፣ ውስጡ የሰርግ ቤት ያህል ሙዚቃ ነው። ሃያ ቦብ፣ ማለትም ሃያ ሽልንግ፣ ከፍለን ተሳፈርን። ረዳቱ "ሳ ታቱ" እያለ ይጮሃል።

"ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው" አለ ዳንኤል። ሰዓቴን አየሁ፤ የእኔም ሦስት ይላል። ወይ ጉድ! ለካ ኬንያውያንም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። አገሬ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ።

ዳንኤል እዚያው ተወልዶ ያደገ የአበሻ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር ይጋባል። የወደደው ፍሬምወርክ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች መጀመሪያ ውል ይዋዋላሉ፤ ቁጥር የተባለው ቁጥር፣ ቀን የተባለው ቀን መሆን አለበት። ከውሉ ትንሽ ያፈነገጠ መልእክት አያልፍም። የእኔ ደግሞ ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ የተሠራ፣ ቀላል፣ ፈጣን፣ የላክህለትን ሁሉ የሚቀበል።

"ያንተው እኮ የጉምሩክ ፈታሽ ነው" አልኩት።

"ያንተ ደግሞ በር የሌለው ቤት ነው፣ ቦስ። ሁሉም ይገባል። ዛት ኢዝ ዘ ፕሮብሌም።"

ቀኑን ሙሉ ስንሞካክር ዋልን። ወሩን በቁጥር አሥራ ሁለት እያልን የነሐሴን ቀኖች ላክን፤ ሁለቱም ሠሩ። የእኔ ቀድሞ ይመልሳል፣ የእሱ ወደኋላ ይቀራል። እትዬ ዘነበች ከሱቃቸው ብቅ እያሉ "የትኛው ነው የሮጠው?" ይላሉ። "የእኔ!" እላለሁ፤ ዳንኤል ትከሻውን ይሰብቃል።

የመጨረሻው ፈተና

በማግስቱ የበዓሉ ዕቃ እየተጫነ ሳለ እትዬ ዘነበች ወንበር ስበው ተቀመጡ። "አሁን የእውነቱን ላኩ። ዕቃው ጳጉሜ ሦስት ከሞያሌ ይነሳል። ቃሲም በስልክ አይጠይቀኝም፤ ማሽኑ ያለውን ብቻ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ።"

መጀመሪያ ዳንኤል ላከ። ስክሪኑ ቀላ፦ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ መልእክቱ አልተላከም።

ሳቄ አመለጠኝ። "ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም ለአበሻ ነጋዴ! ፖሌ ሳና፣ አይዞህ ወንድሜ!" ያን ቀን የተማርኳትን ስዋሂሊ ለማሾፊያ አዋልኳት። ከዚያ የእኔን ላክሁ። ገና ጣቴን ሳላነሳ "ተቀብያለሁ" አለ። እጄን አጨበጨብኩ፤ የዕቃ ጫኚዎቹም አብረውኝ አጨበጨቡ። እትዬ ዘነበች ግን ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"ቃሲም፣ ማሽኑ ያወጣው ወረቀት ምን ይላል?"

"ደርሶኛል፣ ዘነበች። መስከረም ሦስት ጫን ይላል።"

"ምን?"

"መስከረም ሦስት። እኔም ከበዓሉ በኋላ መሆኑ ገርሞኝ ነበር፤ ግን የማሽኑን ስማ ብለሽ የለ፣ እሺ ብዬ የሚጠብቀውን የአገር ቤቱን ሹፌር ላሰናብተው ነው።"

"እንዳታሰናብት!" ብለው ጮኹ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ፍሬምወርኬ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጠው እምቢ አላለም። ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ፣ የተረፈውን ወደሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ወር አሻገረውና፣ ጳጉሜ ሦስትን መስከረም ሦስት አድርጎ አረፈው! ፈረንጅ ለሠራው አቆጣጠር ደግነት ነው፤ ለእኛ ግን ጉድ። የሚብሰው ደግሞ፣ ሁለት የአበሻ ልጆች ተቀምጠን ፍጥነት ስንለካ ጳጉሜን ረስተናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው ነው።

"እትዬ፣ ይቅርታ..." አልኩ።

"ና ተቀመጥ። አባቶቻችን እሺ ይበልጣል ከሺ ሲሉ ለሰው ነው የተናገሩት። ሰው እሺ ሲልህ ዓይኑን ታያለህ፤ ከልቡ ይሁን ለይሉኝታ ታውቃለህ። ይሄ ግን ዓይን የለው! ቃሲም በይሉኝታ እሺ፣ ማሽኑም እሺ፣ በመሃል የእኔ ቤት ይፈርሳል። የዳንኤልን እወስዳለሁ። የማይችለውን አልችልም ብሎኛል።"

ልቤ ስብር አለ። ሆኖም ትክክል ነበሩ፤ ውስጤም ያውቀዋል። ዳንኤል መሳቅ ይችል ነበር፤ አልሳቀም። ወንበሩን ጠጋ አድርጎልኝ "ሳዋ፣ ይሁን፣ ና ጳጉሜን እናስተምረው። እኔ አቆጣጠሩን በደንብ አላውቀውም" አለኝ።

አብረን ውሉን ቀየርነው። ቀኑን ከፈረንጁ ሕግ አውጥተን የራሳችንን ሕግ ጻፍንለት፦ ወር እስከ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት። ሌላ ቁጥር ከመጣ እምቢ! እንዲህ በደስታ የጻፍኩት ፕሮግራም ትዝ አይለኝም። ስንልከው ጋሽ ቃሲም ራሳቸው ደወሉ፦ "ጳጉሜ ሦስት ይላል! ይሄ ማሽን አበሻ ሆነ እንዴ?" ኢስትሊ በሳቅ ፈነዳች።

ወደ ቤት

የተመለስኩት ዕቃው ላይ ተቀምጬ ነው ማለት ይቻላል። ሞያሌ ላይ ጋሽ ቃሲም ወረቀቱን እያዩ ጭነቱን ወደ አገር ቤቱ መኪና አዛወሩ፤ ጳጉሜ ሦስት ተነሣን። በመንገድ ላይ ደጋግሜ አሰብኩበት። ፍሬምወርክ ስመርጥ የምጠይቀው ምን ያህል ይፈጥናል የሚለውን ነበር። ከእንግዲህ ያልገባው ነገር ሲመጣበት ምን ያደርጋል ብዬ ነው የምጀምረው።

አዲስ አበባ ስንደርስ ከተማው በባንዲራና በመብራት አሸብርቋል። መርካቶ ላይ በፋሲካው ከሸሹት ነጋዴዎች አንዱ መኪናውን አይቶ መጣ። ጥቅሉን በእጁ ዳሰሰው። "ከበዓሉ በፊት?" አለ፤ ከዚያ እዚያው ቆሞ የገናውን ዕቃ አዘዘ። ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ።

"ደረሰ?"

"ደርሷል! ነጋዴው የገናውንም በእርስዎ በኩል አዘዘ!"

እያለቀሱ ነበር። "እንግዲያው ለቃሲም ልደውልለት። ቢሮህ አይዘጋም ልበለው" አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ከጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፤ የእኔም እንባ መጣ። የተመረጠው የእኔ አልነበረም። እንደዚያ ቀን ግን ተሸንፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም።