አባቴን የገደለው ምች አልነበረም

መጀመሪያ የተሰማኝ ደረቴ ላይ ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ ጨምድዶ አቆመኝ። ግራ ክንዴ ዛለ። ጾም ስለነበር እህል አልቀመስኩም፤ ፀሐዩም ይፋጃል። ምች መታኝ ብዬ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ካለው ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝና ተኛሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወፍራምም ነኝ። ያኔ ዘመዶቼ «ተመችቶሃል» ይሉኝ ነበር፤ የቀበሌ ስኳር ወረፋ ላይ ደግሞ «ቡርዧው መጣ» ይባልብኝ ነበር። የምበላው እንደ ጎረቤቴ ሽሮ ነበር። እሱ ይጠግባል፣ እኔ አልጠግብም፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ደገመኝ። ላብ አጠመቀኝ። ትንፋሽ አጣሁ። ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አነሱኝ። ወደ ልቤ ደም የሚወስደው ሥር መጥበቡን ነገሩኝ።

«አባትዎ በምን ሞቱ?» አሉኝ ሐኪሙ።

«በምች።»

«በስንት ዓመታቸው?»

«በአርባ ስምንት።» እኔ አርባ ስድስት ነበርኩ።

«አጎቶችዎስ?»

«ሁለቱም በምች።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ወፍራሞች ነበሩ?»

ነበሩ። ሁሉም ደረታቸውን እንደያዙ ነው የወደቁት።

«የምግብ ፍላጎትም፣ ውፍረትም፣ የልብ ሕመምም በዘር ሊመጣ ይችላል» አሉኝ። «የወረሱት ግን ዝንባሌውን እንጂ ሞቱን አይደለም።»

ተናደድኩ። ሦስት ሰው ቀብረን ሦስቴ ምች ብለን ተመለስን።

ማገገሙ ከሕመሙ ይልቅ አታከተኝ። ጨውና ቅቤ ተከለከልኩ፤ የነፍስ አባቴም እስክበረታ ጾሙን ስላቀለሉልኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ውዬ የሦስት ሰው ምግብ መብላቴን ትቼ ጥቂት በጥቂት መቅመስ ለመድኩ። ከወራት በኋላ ዳገቱን በዝግታ መውጣት ቻልኩ፤ ሱሪዬንም በገዛ ስፌት መኪናዬ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ረሃቡ ግን ዛሬም አብሮኝ ይነሳል፣ አብሮኝ ይተኛል። ሰልችቶኛል፣ አልዋሽም።

ሐኪሙንና ክንዴን ይዛ እንደ ሕፃን መራመድ ያስለመደችኝን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ እንደኔ ያላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት አክስቶቻችሁን ጠይቁ፤ ዘመዶቻችሁ እንዴት እንደወደቁ ያስታውሳሉ። ልጃችሁንም ሆዳም አትበሉ።

ይህን የምለው ስለ ልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በቀደም ሳህኗን ጠርጋ «አባዬ፣ አልጠገብኩም» አለችኝ። እናቷ ልትቆጣ ስትል በዓይኔ ለመንኳት።

«እኔም አልጠገብኩም» አልኳት ልጄን። «ጫማሽን አድርጊ፣ እስከ ድልድዩ ወርደን እንመለስ።»

ዳገቱን ስንመለስ ሁለት ጊዜ ቆምን። ሁለቱንም ጊዜ የደከምኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ እጄን ይዛ ጠበቀችኝ።