ዲያቆን ማለት

የተቆላ ሱፍ ሲሸተኝ አንድ ነሐሴ ይመጣብኛል። ይኸው አሁን እንኳ አንቺ ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብለሽ ስትወቅጪ፣ ሽታው ከዚህ ከባሕር ዳር ቤቴ አንሥቶ ደብረ ታቦር ወሰደኝ፤ ጭጋጉ በበር ገብቶ መደቡ ላይ ሊቀመጥ ወደሚደርስበት፣ ወደዚያ ወደ ጭቃ ቤታችን። አባትሽ ያን ጊዜ የማንም አባት አልነበረም፤ ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። በእሱ እንዴት እቀና እንደነበር ልንገርሽ።

አባባ፣ አያትሽን ማለቴ ነው፣ ቄስ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ማታ ማታ ወንጌል የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከበድ ያለ ቃል ላይ ስንደርስ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ያስቆሙኝና "ምን ማለት ይመስልሻል?" ይሉኛል። ትርጓሜውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሰው እኔን ይጠይቁኛል። የመሰለኝን እቀባጥራለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። በዚያ ቤት የእኔ የምለው ነገር ቢኖር ያቺ ጥያቄ ነበረች።

አባትሽ ነገረ መለኮት ከሚማርበት ከአዲስ አበባ ለክረምት ዕረፍት መጣ። ግሪክኛ ተምሮ መጣ። በመጣ በማግስቱ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ እሱ ያነብ ጀመር። አባባም እጃቸውን ከጋቢው አወጡና "በግሪኮቹ ቋንቋ ምን ማለት ነው?" አሉት። "ምን ይመስልሃል" አላሉትም። እሱ እንደሚያውቅ አምነዋል ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ወንጌል ማለት የምሥራች ነው አላቸው። ኤጲስ ቆጶስ ማለት ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው ሲላቸው "ዘበኛ ነዋ" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ በዕድሜዬ እንዲያ አስቄያቸው አላውቅም። ጓዳ ሆኜ ሱፉን የምወቅጠው ሙቀጫው እስኪሰነጠቅ ነበር። እናታችን "ምን በደለሽ ሱፉ?" ትለኛለች። ቅናት ጉልበት ይሰጣል፣ እመኚኝ።

አንድ ቀን፣ ቡሄ ሊደርስ ሲል፣ አባባ ከቅዳሴ ተመለሱና ማዕድ ቀረበ። ብርዱ ያንዘፈዝፍ ስለነበር ውሃ አሙቄ፣ ጆግና ሳፋ ይዤ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። አባባን አስታጥቤ ወደ አባትሽ ዞርኩ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም፤ ጨዋታው ላይ ነበር።

"ዲያቆን የሚለውም የግሪክ ቃል ነው" ይላል። "ማዕድ ላይ ቆሞ የሚያስተናግድ፣ የሚያገለግል ሰው ማለት ነው። ሉቃስ ማርታ በሥራ ባከነች ሲል፣ የእሷንም ሥራ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።"

ውሃው በጣቶቹ መሐል ይወርዳል፣ እሱ ስለ አገልጋይ ያወራል። ጆጉን እላዩ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ።

አባባ ግን በዚህኛው አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ዝናቡ መለሱ። "በመቅደስ በዲቁናዬ ዘመን ለቄስ እጅ ውሃ አፍስሻለሁ" አሉ። "በቤቴ ግን ለማንም አፍስሼ አላውቅም።"

ከመደቡ ተነሡ። ጆጉን ከእጄ ወሰዱና "ቁጭ በይ፤ እጅሽን ዘርጊ" አሉኝ። እናታችን ከጓዳው በር ላይ ሆና "ኧረ ይተዉ፣ ነውር ነው" አለች። ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። አባባ ጎንበስ ብለው እያፈሰሱልኝ በጆሮዬ አንድ ነገር አሉኝ።

ቀና ስል አባትሽን አየሁት። እርጥብ እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል፤ ፎጣው እኔ ትከሻ ላይ ነው። ፊቱን ወዲያው አወቅኩት። እኔ ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ይዤው የከረምኩት ፊት ነበር።

በማግስቱ ጆጉ ወደ እኔው ተመለሰ፤ ንባቡም እሱው ዘንድ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይለወጥም።

አባባን የቀበርን ዕለት፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ አባትሽ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እሱም ቄስ ሆኗል፤ ሰው ስብከቱን ለመስማት ከእብናት ድረስ ይመጣለታል። ብዙ ካመነታ በኋላ "ያን ቀን በጆሮሽ ምን አሉሽ?" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ይዞት ኖሯል። ምርቃት መስሎታል፤ ለእሱ ያልተሰጠ አንድ ትልቅ ቃል። "ይቅርብህ" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ። አንጀቴን በላው፤ ግን አልነገርኩትም።

ላንቺ ልንገርሽ፤ አደራ፣ ለእሱ እንዳታወሪ። "ውሃው አቃጠለሽ እንዴ?" ነው ያሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ነገር ግን አባባ ድምፃቸውን እንዲያ ዝቅ አድርገው ያናገሩት እኔን ብቻ ነው። ለማንም አላካፍለውም፤ ለአባትሽማ ጭራሽ።